ስፔስፊኬሽን አውጣ ሲባል፦ ለሰሜን ሸዋ የአይቲ ክፍሎች

ሐምሌ ሲገባ አዲስ በጀት ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ከግዥ ክፍል ይደወላል። «ለሰርቨሩ፣ ለዩፒኤሱ፣ ለባክአፑ ስፔስፊኬሽን አውጣልን፤ ፕሮፎርማ ልንሰበስብ ነው» ይባላል። ሰርቨር የመሥሪያ ቤቱ ዳታ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ባክአፕ የዳታው መጠባበቂያ ኮፒ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በፋብሪካ፣ በሆስፒታል፣ በኮሌጅ ወይም በኅብረት ሥራ ዩኒየን የአይቲ ሥራ የያዘ ሰው ይህን ስልክ በደንብ ያውቀዋል። ብዙ ቦታ ክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ሰርቨሩም፣ ኔትወርኩም፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩም፣ ወረቀት የያዘበት ፕሪንተርም የእሱ ነው። ረጋ ብሎ የሚያወዳድርበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የአምናውን ስፔክ ገልብጦ ይሰጣል። ካልሆነ ሻጩ የላከውን ወረቀት እንዳለ ይቀበላል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ደግሞም ለአለቃው። ገንዘቡን የሚፈቅደው አለቃው ነው፤ «ሲስተም የለም» ሲባልም ባለጉዳይ ፊት የሚቆመው እሱ ነው።

የሲስተም አስተዳደር ሥራ ሲጨመቅ አራት ነገር ነው። ማሽኑ እንዳይቆም ማድረግ፣ ዳታ እንዳይጠፋ ማድረግ፣ ማን ምን ውስጥ መግባት እንደሚችል መወሰን፣ ችግር ሲመጣ ከተጠቃሚው ቀድሞ ማወቅ። የምንገዛው ዕቃና የምንከፍልበት አገልግሎት ሁሉ ከእነዚህ አንዱን የሚያግዝ ነው። ሻጭ ሲመጣ የሚያሳየን ዕቃው ሲሠራ ምን እንደሚመስል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ። መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? መስመር ሲቆረጥስ? ዋጋው ሲጨምር? ሻጩ ስልክ አላነሳ ሲል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር እኛ ዘንድ አይበጅም።

ከቦታው እንጀምር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ «እዚህ አገር ሰርቨር አይሞቅም» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሰርቨሩ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል።

የሰርቨር ማኑዋል ስትከፍቱ «እስከ 35 ዲግሪ ይሠራል» የሚል ታገኛላችሁ። ከሥር በደቃቅ ፊደል ሌላ መስመር አለ። ያች መስመር አብዛኛውን ጊዜ የምትለው ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ስናሰላው ከ900 በላይ 1,900 ሜትር አለን። ለ300 ሲካፈል ከ6 በላይ ይመጣል። ስለዚህ የእኛ ጣሪያ 35 ሳይሆን 29 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ዩፒኤሱ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል አብረው ከተቆለፉ፣ ውጭ ውርጭ እየጣለ ውስጡ 29 መድረስ አይከብደውም። አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ሰርቨሩ አየር በሚስብበት በፊት በኩል አስቀምጡ። ከጀርባው ሞቃቱን አየር መለካት ምንም አይነግራችሁም።

ብዙ አምራቾች ደግሞ ከ3,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ሲል ኃላፊነት አንወስድም ይላሉ። ለደብረ ብርሃን ይህ አያሰጋም። መሐል ሜዳንና ከፍ ያለውን የመንዝ አገር ለመሰለ ቦታ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ያችን መስመር ሳያይ መፈረም የለበትም።

አሁን ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋ ሮቢት እንግባ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ ፈተናው ሙቀቱ ነው፤ በተለይ ለባትሪ። ዩፒኤስ ውስጥ ያለው የተለመደው የእርሳስ ባትሪ የተሠራው ለ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ለዋናው ቢሮና ለቆላው ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ዩፒኤስ ቢገዛ እንኳ የባትሪ መቀየሪያ በጀቱ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ጄኔሬተር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደጋ ላይ ከወረቀቱ ሩቡን ያህል ቀንሳችሁ ካላሰባችሁ፣ የገዛችሁት ጄኔሬተር ሰርቨሩንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ ማንሳት ያቅተዋል።

ስለ ዩፒኤስ ሁለት ነገር ልጨምር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 1,000 ቪኤ ማለት 1,000 ዋት ማለት አይደለም። ርካሾቹ ላይ 600 ዋት ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ዋቱን ጠይቁ። ሁለተኛው ይበልጣል። የዩፒኤስ ዋና ሥራ መብራት እስኪመጣ ማቆየት አይደለም። ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ መስጠት ነው። ይህን የሚያደርገው በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ «ባትሪዬ እያለቀ ነው፣ ዝጋ» ሲለው ነው። ገመዱ ከካርቶኑ ሳይወጣ ዩፒኤሱ ብቻ የሚሰካበት ቦታ ብዙ ነው። የመብራቱ መጥፋት ረዘም ሲል ባትሪው ያልቃል፣ ሰርቨሩ ድርግም ይላል፣ ዳታቤዙ ይበላሻል። ሌሊት ከሆነ ደግሞ የሚያየው የለም።

ባክአፕ አለን ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ የደረሰውን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ባለሙያ እስከ ሌሊት ሲሠራ ቆይቶ፣ በስህተት የዋናውን ሰርቨር ዳታ መሰረዝ ጀመረ። ደንግጦ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ኩባንያው 5 ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው። በችግሩ ሰዓት ግን በሚገባ ሠርቶ የተገኘ አልነበረም። በየቀኑ የሚወጣው ባክአፕ በሶፍትዌር ቨርዥን አለመጣጣም ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ለሰው አይደርስም ነበር። የታደጋቸው ባለሙያው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሳው ኮፒ ነው። እነሱ ደግሞ ሥራቸው ሶፍትዌር የሆነ፣ ባለሙያ የሞላቸው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ የባክአፕ መሣሪያ ስትመርጡ «በየስንት ሰዓቱ ይቀዳል?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነው የሚመለሰው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» በሉ። በየወሩ አንድ ፋይል መልሱ። በየሩብ ዓመቱ ሙሉ ዳታቤዙን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን ጠርታችሁ፣ «እስቲ የትናንቱን ቫውቸር ክፈቺልኝ» በሏት። እሷ ከፈተች ማለት ባክአፕ አላችሁ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ አረንጓዴ ምልክት ማሳየቱ ብቻውን በቂ አይደለም።

አንድ የማይታይ ወጥመድም አለ። የሒሳብ ወይም የመጋዘን ሶፍትዌር ሰዎች እየሠሩበት ፎልደሩ ዝም ብሎ ኮፒ ቢደረግ፣ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊቀዳ ይችላል። ኮፒው አለ፤ ሲከፈት ግን አይከፈትም። ሶፍትዌሩ የራሱ ባክአፕ ማውጫ ካለው በእሱ ነው መውጣት ያለበት። ዳታቤዝ ከሆነም ዳታቤዙ በሚያውቀው መንገድ።

ባለሙያዎች ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚሉት ደንብ አለ። ዳታው በሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይውጣ። ከግቢው ውጭ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ክላውድ ያስባል። እስቲ በቁጥር እንየው። 500 ጊጋባይት ዳታ አላችሁ እንበል። መስመራችሁ 10 ሜጋቢት ነው። መስመሩ ሳይቆራረጥ፣ ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ያን ዳታ መልሶ ለማውረድ 111 ሰዓት ይፈጃል። ከ4 ቀን ተኩል በላይ ነው። ሆስፒታሉ 4 ቀን ተኩል የሕመምተኛ ካርድ ሳይከፍት መቆየት ይችላል? ካልቻለ ዋናው ኮፒ እዚሁ መሆን አለበት። ክላውዱ ሦስተኛው ኮፒ ይሁን። ወይም ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ በየሳምንቱ እያፈራረቃችሁ አንዱን ሌላ ቀበሌ ባለው ቅርንጫፍ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። ተነቅሎ የሚቀመጥ ዲስክ ሌላም ጥቅም አለው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የሚደርሰው የተሰካውን ዲስክ ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥሩ መሣሪያዎች አሉ። ሬስቲክና ቦርግ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚልኩ ለቀጭን መስመር ይመቻሉ፤ ከመላካቸው በፊትም ዳታውን ይቆልፋሉ። የመቆለፊያው ፓስወርድ ከጠፋ ግን ዳታው ጠፋ ማለት ነው። ቪም የሚባለው የባክአፕ ሶፍትዌር ነፃ እትም እስከ 10 ማሽን ድረስ ያገለግላል፤ ዊንዶውስ ለሚበዛበት ቤት ይቀላል።

እዚህ ይቀመጥ ወይስ ውጭ?

እኔ የምከተለው መለያ አንድ ነው። መስመር ሲቆረጥ መሥራት ያለበት ነገር እዚሁ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። የመጋዘን መዝገብ፣ የካርድ ክፍል፣ የፈተና ውጤት እንዲህ ያሉ ናቸው። የውጭ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ደግሞ ውጭ ይቀመጥ። ድረ ገጽና ኢሜይል ራስን ይዞ ማስተዳደር ለአንድ ሰው ክፍል ከባድ ነው፤ ለሌላ ሰው መክፈል ያዋጣል።

አገልግሎት ሰጪው «99.9 በመቶ እንሠራለን» ሲል በዓመት እስከ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ልንቆም እንችላለን ማለቱ ነው። ይህ መጥፎ አይደለም። ቃሉ ግን ስለ እሱ ማሽን ነው። ከእሱ እስከ እናንተ ቢሮ ያለው መስመር በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ዋጋውን በዶላር አስቡት። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት ከ1,140 ብር ተነስቶ ከ2,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ለዚያ ዓመት በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት ዓመቱን የሚያደርሰው ገንዘብ አልነበረውም። ክፍያውም ራሱ የውጭ ካርድ ይፈልጋል። ካርዱ የአንድ ሠራተኛ ዘመድ የሆነበት ቤት ሞልቷል። ያ ዘመድ ካርዱን ቢቀይር አገልግሎቱ ይቋረጣል። ማን ነው የሚከፍለው፣ በምን፣ ክፍያ ቢዘገይስ ዳታው ስንት ቀን ይቆያል? እነዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት መልስ ይፈልጋሉ።

የሕመምተኛ ወይም የተማሪ ዳታ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ዳታ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታም ይደነግጋል። ወደ ውጭ ሰርቨር ከመላኩ በፊት የሕግ ክፍሉ ያንብበው።

ነፃ፣ ክራክ፣ በገንዘብ

ክራክን፣ ማለትም ላይሰንሱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚጫነውን ሶፍትዌር፣ በግልጽ እናንሳው፤ በየቢሮው አለና። የቤት ኮምፒውተር ላይ ያለ ክራክ አንድ ነገር ነው። ሰርቨር ላይ የሚጫን ክራክ ግን የሚነሳው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ማን እንደሠራው አይታወቅም። የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት መንገደኛ እንደመስጠት ነው። አፕዴትም አብሮ ይቀራል። ለሰርቨር የሚሆን ሕጋዊ ነፃ ሶፍትዌር በሞላበት ዘመን ይህን አደጋ መሸከም አያስፈልግም። ሊኑክስ አለ፣ አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ ለማሠራት ፕሮክስሞክስ አለ፣ ለክትትል ዛቢክስ አለ።

ነፃ ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ወጪው የሰው ጊዜ ነው። ሊኑክስ የሚያውቀው ልጅ አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድ የሚተካው አለ? ሁለተኛ ሰው የማያውቀውን ሲስተም፣ ነፃም ቢሆን አትምረጡ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለልምምድ ሲመጡ የሚያውቁትን ጠይቁ። ከተማው ውስጥ ሰው የሚገኝለት መሣሪያ፣ በወረቀት ከሚበልጠው ግን ማንም ከማያውቀው ይሻላል።

በገንዘብ የሚገዛውም ዋስትና አይሆንም። አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ የሚያሠራ ሶፍትዌር የሚሸጠውን ቪኤምዌርን፣ ብሮድኮም የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሲገዛው፣ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለው ላይሰንስ መሸጡ ቀረ፤ ዓመታዊ ክፍያ ሆነ። ነፃው የሊኑክስ ዓይነት ሴንትኦኤስ 8ም እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይቆያል ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታኅሣሥ ላይ፣ በ2021 መጨረሻ እንደሚቆም ተነገረ። ብዙዎች ሳይጎዱ ያለፉት ሮኪና አልማ የሚባሉ ተመሳሳይ ተተኪዎች ስለመጡ ነው። አንድ ነገር ስትመርጡ መውጫውን አብራችሁ እዩ። ዳታውን ሌላ ሶፍትዌር በሚያነበው ፎርማት ማውጣት ይቻላል? በተግባር አውጥታችሁ ሞክሩት።

በሩቅ መግባትና መከታተል

ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት በሩቅ መግቢያ ሶፍትዌር የግድ ያስፈልገዋል። ለአንድ ፓስወርድ ሸዋ ሮቢት ድረስ መውረድ አይቻልም። ግን ይህ መሣሪያ ከሁሉም የበለጠ ሥልጣን ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 ሰርጎ ገቦች ካሴያ የሚባለውን የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ተጠቅመው እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶችን ፋይል ቆለፉ። ድርጅቶቹን በሩቅ እንዲያገለግል የተገዛው መሣሪያ ራሱ በር ሆነ። ስለዚህ መግቢያውን ለዓለም ክፍት አታድርጉት። መጀመሪያ በቪፒኤን፣ ማለትም በተቆለፈ የግል መስመር፣ ይገባ፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አብሮ የሚመጣ፣ ቀላልና መስመር ሲቆራረጥም ቶሎ የሚመለስ ነው። ከፓስወርዱ ላይ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመር።

ለክትትል ዛቢክስ በቂ ነው፤ ትንሽ ቤት ከሆነ አፕታይም ኩማ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዲስክ 80 በመቶ ሲሞላ ማወቅና ሞልቶ ሲቆም ማወቅ አንድ አይደለም። አንድ የሚዘነጋ ነገር ግን አለ። ማስጠንቀቂያው በቴሌግራም የሚመጣ ከሆነ፣ መስመር ሲቆረጥ ማስጠንቀቂያውም አይወጣም። ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም ሰርቨሩ ላይ ሰክታችሁ በኤስኤምኤስ እንዲልክ አድርጉ። የማስጠንቀቂያ ብዛትም ይታሰብበት። በቀን መቶ መልእክት የሚመጣለት ሰው መቶ አንደኛውን አያነበውም።

አፕዴትን በአጭሩ ልለፈው። ሃምሳ ኮምፒውተር አንድ ዓይነት አፕዴት እያንዳንዳቸው ቢያወርዱ መስመሩ ቀኑን ሙሉ ይታነቃል። አንዴ አውርዶ ለሁሉም የሚያከፋፍል ሰርቨር ለዊንዶውስም ለሊኑክስም አለ።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛው ዋጋ በሚያሸንፍበት አሠራር፣ ስፔኩ ላይ ያልተጻፈ ነገር አይመጣም። ሻጩን መውቀስም አይቻልም፤ የተጠየቀውን አምጥቷል። ስለዚህ የፕሮሰሰር ቁጥርና የራም መጠን ብቻ አትጻፉ። «ዕቃው በ2,800 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ በአምራቹ የተፈቀደ» ብላችሁ ጻፉ። «መተኪያ ባትሪው በአገር ውስጥ ገበያ የሚገኝ፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድና ሶፍትዌር ተገጥሞ የሚሰጥ» በሉ። ሶፍትዌር ከሆነ «ዳታው በሙሉ በሲኤስቪ ወይም በኤስኪውኤል ፎርማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚወጣ፣ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ በርክክብ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ የሚሰጥ» የሚለው ይግባ። ፓስወርዱን ይዞ የሄደ ኮንትራክተር ፍለጋ ወራት የፈጀበት ቤት አለ። አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ።

የማሳያ ፕሮግራሙም በሻጩ ቢሮ፣ አዲስ አበባ ባለው ፈጣን መስመር አይታይ። እዚሁ በእናንተ ኮምፒውተርና በእናንተ ኔትወርክ ያሳይ። መሀል ላይ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ብሬከሩን አውርዱ። የማይነሳ ከሆነ ያኔውኑ ይታያል። የመጨረሻው ክፍያም ዕቃው ስለደረሰ ብቻ አይለቀቅ። ሻጩ ከባክአፕ አንድ ሙሉ ዳታቤዝ መልሶ፣ ሒሳብ ክፍሉ ከፍቶ አይቶ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ከፈረመ በኋላ ይለቀቅ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ውሉ ላይ መግባት ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ስለዚህ ለግዥ ክፍሉ ስፔኩን ስትልኩ አብራችሁ ላኩት።